ከፋርስኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው እፈልጋለሁ፤ ለሳፍሮን መሸጫ ካታሎግ ነው

የዴይራዋ ፦ ዱባይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ዴይራ ውስጥ፣ ከቅመም ገበያው ብዙም በማይርቅ የሳፍሮን (ከአበባ የሚለቀመው ቀይ የቅመም ክር) እና የደረቅ ፍራፍሬ መደብር ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቱ ከኾራሳን የመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ኢራናዊ ናቸው። እኔ "ሐጅ አቃ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ዶኽታራም" ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት ነው።

ዘንድሮ ለሆቴሎችና ለእንግሊዝ አገር ጅምላ ገዢዎች የሚላክ የእንግሊዝኛ ካታሎግ ለማሳተም ቆርጠው ተነሡ። ጽሑፉን በፋርስኛ፣ በገዛ እጃቸው ጻፉት፤ ሃያ አራት ገጽ ነው። እዚሁ ለሚገኝ የትርጉም ቢሮ ሰጠነው። ፈቃድ ያለው፣ ማኅተም የሚመታ ቢሮ ነው። በአራተኛው ቀን መለሰልን። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ፊደሉም አልተሳሳተም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ከናሙናው ጋር ይዤ ወደ አንድ ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ ሄድኩ። አነበበና ቀና ብሎ፣ "ዕቃችሁ ዋጋ ቢስ ከሆነ ለምን ልግዛችሁ?" አለኝ። አላሾፈብኝም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። ሐጅ አቃ የጻፉት "ናቃቤል" የሚል ቃል ነበር፦ ለእርስዎ ክብር የማይመጥን ትንሽ ነገር ለማለት። ተርጓሚው "ዋጋ ቢስ" አደረገው።

ሌላም አለ። "ከጎልራንግ ነፃ" የሚለው "የአበባ ቀለም የሌለው" ሆኗል። ጎልራንግ ቃል በቃል የአበባ ቀለም ማለት ቢሆንም፣ እኛ በጾም ፍትፍት የምንሠራበት የሱፍ ተክል ስም ነው። ቀዩ የአበባው ክር ሳፍሮን እየተባለ ለማያውቅ ሰው ይሸጣል፤ ሐጅ አቃ የጻፉትም "እኛ ዘንድ ይህ ማጭበርበር የለም" ለማለት ነበር። ዋናው የመተማመኛ ቃላቸው ትርጉም የሌለው ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቀረ።

ስሕተቱን ስነግራቸው ምንም አላሉም። ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና ሚዛኑን መወልወል ያዙ። ያ ቀን ከልቤ አልወጣም። እባካችሁ፣ እንዲህ ላለ ሥራ የሚሆን ተርጓሚ የት ይገኛል? እኔ ማንበቡን ገና እየተማርኩ ስለሆነ ጥሩውን ከመጥፎው በምን እለየዋለሁ?

---

የቃል ባለሙያ ፦ አዲስ አበባ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሐጅ አቃን አይዞዎት በይልኝ። ሃያ ዓመት በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ተርጉሜአለሁ፤ ፋርስኛ አላውቅም፤ ችግሩን ግን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ።

ማኅተም ለፍርድ ቤት ነው። የጋብቻ ወረቀት፣ ውክልና፣ የንግድ ምዝገባ ሲሆን ተርጓሚው ከራሱ አንዲት ቃል እንዳይጨምርና እንዳይቀንስ ይጠበቅበታል፤ ለዚያም ነው ፈቃድ የሚሰጠው። የገበያ ጽሑፍ ግን ገዢው ልብ ውስጥ አንድ ነገር ለማድረግ የተጻፈ ነው። ቃሉ በታማኝነት ተሻግሮ ያ ነገር መንገድ ላይ ከቀረ፣ ትርጉሙ የለም።

"ናቃቤል" የምትለዋ ቃል እኛ ቤት ብትገባ ማንም አይደነግጥም። "አፈር ስሆን ብሉልኝ" ያለች እናት መቀበር እንዳልፈለገች ሁላችን እናውቃለን። ሃያ ዓይነት ወጥ አቅርባ "ምንም የለም፣ እንዲያው ቅመሱልኝ" ስትልም ገበታው ባዶ ነው ማለቷ አይደለም። ኢራናውያን ይህን ወግ ታሮፍ ይሉታል። ባለሱቁ ዋጋ ሲጠየቅ "ቃቤል ናዳሬ"፣ ለእርስዎ አይመጥንም፣ ይላል፤ ገዢው ግን ከፍሎ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ይህን ወግ ስለማያውቀው ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል።

ስለዚህ የምትፈልጊው ሰው ሁለት ነገር ይኑረው፦ ታሮፉን ሲያይ የሚያውቀው ጆሮና፣ ሰው እንዲገዛ አድርጎ እንግሊዝኛ የሚጽፍ እጅ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ብርቅ ነው።

---

ፈጣን መፍትሔ ፦ አዳማ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ይህን ያህል ለምን ትደክማላችሁ? አሁን እኮ ማሽኑ በደቂቃ ይተረጉመዋል፤ በነፃ። ከዚያ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ቢያስተካክለው በቂ ይመስለኛል።

---

የዴይራዋ ፦ ዱባይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ። ረጅሙን ጽሑፍ ከቢሮው የተሻለ ያደረገበት ቦታ አለ፣ አልክድም። የዋጋ ሰንጠረዡ ላይ ግን ወደቀ። ፋርስኛ አጫጭሮቹን አናባቢዎች አይጽፍም፤ ካፍ፣ ሬ፣ ሚም ተጽፎ "ኬሬም" ከተባለ ክሬም፣ "ኬርም" ከተባለ ትል ነው። ሰንጠረዥ ውስጥ ቃሉ ብቻውን ስለቆመ የሚያግዘው ዐውድ አልነበረም። የሳፍሮን የፊት ክሬማችን "የሳፍሮን ትል" ሆኖ ወጣ። እኔ ዕቃውን ስለማውቅ ያዝኩት፤ ፋርስኛ የማያውቅ አራሚ ግን ያላየውን ነገር ከየት አምጥቶ ያርመዋል?

---

ሰናይ ዘለንደን ፦ ለንደን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እዚህ ለምግብ አስመጪዎች የማስታወቂያ ጽሑፍ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ፋርስኛ ባልሰማም ከቱርክኛና ከዐረብኛ የሚመጡ ጽሑፎች በእጄ ያልፋሉ።

በሙያው የታወቀው ልማድ ተርጓሚ ወደ አፍ መፍቻው እንዲተረጉም ነው። ወደ እንግሊዝኛ ከሆነ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ይመረጣል። ፋርስኛን ጠልቆ ያወቀ እንግሊዛዊ ግን በቀላሉ አይገኝም። እኔ ያየሁት የተሻለው መንገድ ሁለት ሰው ማጣመር ነው፦ አንዱ እዚህ ያደገ፣ ቤቱ ፋርስኛ የሚነገር ኢራናዊ፤ ሌላው ፋርስኛ ባያውቅም ስለ ምግብ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ አራሚ። አይሶ 17100 የሚባለው የትርጉም አገልግሎት መለኪያም ትርጉሙን ከተርጓሚው ሌላ ሁለተኛ ሰው ከምንጩ ጋር እንዲያመሳክረው ያስገድዳል። ቢሮ ስትጠይቂ "ሁለተኛው ሰው ማን ነው?" በይ። መልስ ካጣ ተይው።

የት ይገኛል ላልሽው፣ ፕሮዝ የሚባለው የተርጓሚዎች ድረ ገጽ በቋንቋ ጥንድና በሙያ ዘርፍ ለመፈለግ ያስችላል። እዚህ ብሪታንያ ያለው የትርጉምና የአስተርጓሚነት ተቋም የአባላት ዝርዝር አለው። ለንደን ውስጥ ሶአስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ፋርስኛ ያስተምራል፤ ከዚያ ከወጡት መካከል የሚጽፍ አይጠፋም። ስትፈልጊ "ፐርሺያን"ም "ፋርሲ"ም ብለሽ ፈልጊ፤ አንዳንዱ በአንዱ ስም ብቻ ነው የተመዘገበው።

አንድ ሌላ ነገር። ካታሎጉ ሳፍሮን በሽታ ይፈውሳል፣ ሐዘን ያርቃል የሚል ነገር አለው? ካለው ለእንግሊዝ ገበያ ይውጣ። ምግብ በሽታ ያድናል ብሎ ማስተዋወቅ እዚህም በአውሮፓ ኅብረትም ክልክል ነው። ይህን ሳትጠይቂው የሚነግርሽ ተርጓሚ ካገኘሽ አትልቀቂው።

ታሮፉን በሚመለከት ግን እኔ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ እመክራለሁ። የሆቴል ገዢ ደረጃውን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና ዋጋውን ነው የሚፈልገው።

---

የቃል ባለሙያ ፦ አዲስ አበባ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሰናይ ከጻፍከው ሁሉ የመጨረሻዋን አልቀበልም። ደረጃና ዋጋ ብቻ ከሆነማ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር፤ ሌሎቹ ሻጮችም ያንኑ ገጽ ነው የሚልኩት። አዛውንቱ ሃያ አራት ገጽ የጻፉት ማንነታቸውን ለማስተዋወቅ ነው። ታሮፉ የሳቸው ድምፅ ነው። መተርጎም የለበትም በሚለው እስማማለሁ፤ ግን መጥፋትም የለበትም። ጥያቄው አንድ ጨዋ እንግሊዛዊ አስተናጋጅ ያንኑ አክብሮት ለማሳየት ምን ይላል የሚለው ነው። አንዳንዴ አንድ ቃል ነው፤ አንዳንዴ አጠር ያለች ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንዳንዴ ዝምታ ነው።

---

የፖቶማክ ዳር ፦ ቨርጂኒያ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡50

እህቴ፣ ከአሜሪካ ተርጓሚ ለመቅጠር ካሰብሽ አስቀድመሽ ይህን እወቂ። የአሜሪካ ማዕቀብ ዕቃውን ማስገባትን ብቻ ሳይሆን፣ አሜሪካዊ ሰው የኢራን ምንጭ ባለው ዕቃ ንግድ ላይ አገልግሎት መስጠቱንም ይከለክላል። ምንጣፍና ፒስታቺዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ተፈቅዶ በ2018 ተመልሶ ተዘግቷል። የአሜሪካ ተርጓሚዎች ማኅበር ማውጫ ጥሩ ነው፤ የሎስ አንጀለስ ዌስትዉድ ሰፈርም በኢራናውያን የተሞላ ነው፤ ነገር ግን ሕጉን የሚያውቅ ተርጓሚ ሥራውን ሊመልሰው ይችላል። የሳፍሮኑን ምንጭ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ጻፊ። በኋላ የሰማ ሰው ራሱን ችግር ውስጥ ያገኘዋል።

ተርጓሚው የሚኖረው ኢራን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ነው የሚያስቸግረው። ፔይፓል እዚያ አይሠራም፤ የባንክ ዝውውሩም እንደምታውቂው ነው።

---

ከካቡል የተመለሰ ፦ አዲስ አበባ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ለጥቂት ዓመታት ካቡል በእርዳታ ሥራ ላይ ነበርኩ። የአፍጋኖቹ ዳሪና የኢራን ፋርስኛ አንድ ቋንቋ ናቸው፤ የተማረ አፍጋን የሐጅ አቃን ጽሑፍ ያለ ችግር ያነበዋል። ነገር ግን የንግድ ቃሉና የጨዋታው ለዛ ይለያያል። የአውስትራሊያው የተርጓሚዎች ፈተና ተቋም ሁለቱን ለየብቻ የሚመዝነውም ለዚህ ነው። ከአፍጋን ጓደኞቼ ለሥነ ጽሑፍ የማምናቸው አሉ፤ ለኾራሳን የሳፍሮን ነጋዴ ግን ያንን ገበያ የሚያውቅ ሰው ብትመርጪ ይሻላል።

---

የዴይራዋ ፦ ዱባይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰናይ እንዳልከው ጽሑፉ ውስጥ "ሳፍሮን ሐዘንን ያጥባል" የሚል አለ፤ ሐጅ አቃ ብዙ ሳፍሮን የበላ ሰው ይስቃል ብለው ያምናሉ። ተነጋግረን እናወጣዋለን።

የደረጃ ስሞቹስ? "ሳርጎል" የሚለውን ቢሮው "የአበባ ራስ" ብሎታል። ሳር ራስ፣ ጎል አበባ ነውና ቃሉ ልክ ነው፤ ግን ሳርጎል ማለት ቀዩ ጫፍ ብቻ ተቆርጦ የቀረበ ሳፍሮን ነው። "ኔጊን"ን "የቀለበት ፈርጥ"፣ "ዶኽታር ፒች"ን ደግሞ "የልጃገረድ ጥቅል" ብለውታል። ይህኛው ክሩ ከነቢጫ ሥሩ በእቅፍ የታሰረው ነው።

---

ሰናይ ዘለንደን ፦ ለንደን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

የደረጃ ስሞች እንዳሉ ይቀመጡና እያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ማብራሪያ ይግባ። ጅምላ ገዢው ሳርጎልና ኔጊን በሚለው ስም ነው የሚያዝዘው፤ ብትተረጉሚው ዕቃውን አያገኘውም። ከጎኑ የአይሶ 3632 ውጤት ይጻፍ። ያ መለኪያ የቀለሙን፣ የጣዕሙንና የመዓዛውን ኃይል በቁጥር ይሰጣል፤ እዚህ ያለ ገዢ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ካላችሁ ለተርጓሚውም ስጡት።

የቃል ባለሙያ ስለ ድምፁ ያሉትን ደጋግሜ አሰብኩበት። ለመግቢያው ገጽ ትክክል ናቸው። ለዕቃ ዝርዝሩ ግን በአቋሜ ጸንቻለሁ።

---

ገጽ አቀናባሪ ፦ አዲስ አበባ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡45

እኔ የመጽሐፍና የካታሎግ ገጽ አቀናብራለሁ፤ ሁለት የዐረብኛ ካታሎጎች ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩ ሠርቻለሁ። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚመጡትን ጣጣዎች ልንገርሽ።

ዋነኛው ቀኑ ነው። ኢራናውያን ከነቢዩ ስደት የሚነሣ የፀሐይ አቆጣጠር አላቸው፤ ዓመቱ የሚጀምረው በኖሩዝ፣ በመጋቢት ውስጥ ነው። ማሸጊያው ላይ "አባን 1403" ከተባለ፣ አባን የወር ስም ነውና፣ በፈረንጆቹ 2024 ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር፣ በእኛ ከጥቅምት 12 እስከ ኅዳር 11 ቀን 2017 ነው፤ የሳፍሮን መልቀሚያ ወቅት። እኛ ሁልጊዜ ሰባትና ስምንት እየደመርን ስለምንኖር ይገባናል፤ እንግሊዛዊው ግን የሚበላ ነገር ላይ 1403 ሲያይ ምን እንደሚል አስቢው። ተርጓሚው ቀኖቹን ሁሉ ለውጦ ዝርዝራቸውን ለብቻ ይስጥሽ።

ሁለተኛ፣ ዋጋው። ሕጋዊው ገንዘብ ሪያል ነው፣ ሰው የሚናገረው ግን በቶማን፤ አንዱ ቶማን አሥር ሪያል ነው። አንዲት ዜሮ ብትሳሳት ድርድሩ ሁሉ ይበላሻል። መስቃልም አለ፦ 4.6 ግራም ገደማ። እኛ ለወርቅ ወቄት እንደምንለው ነውና በግራም ይጻፍ፤ መስቃል የሚለውን ለወጉ ከጎኑ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የቃል ቆጠራው። ፋርስኛ "ኒም ፋሴሌ"፣ ግማሽ ክፍተት፣ የሚባል አጻጻፍ አለው። አንዱ ጸሐፊ በግማሽ ክፍተት አንድ ቃል ያደረገውን ሌላው በሙሉ ክፍተት ሁለት ያደርገዋል። በፋርስኛው ቃል ልክ ከተዋዋላችሁ ሂሳቡ ላይ መጣላታችሁ አይቀርም። በእንግሊዝኛው ቃል ወይም በጠቅላላ ዋጋ ተስማሙ።

በመጨረሻም፣ የፋርስኛው ካታሎግ የሚገለጠው ከቀኝ ነው። ገጹ ሲዞር የሥዕሎቹም ቅደም ተከተል ይዞራል፤ "ከለቀማ እስከ ማሸጊያ" የሚል ተከታታይ ፎቶ ካላችሁ አበባው ከማሸጊያው ሊወጣ ነው።

---

የዴይራዋ ፦ ዱባይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

የፎቶውን ነገር እንዴት አወቅኸው! በትክክል እንደዚያ ነው የተቀመጠው።

ለመፈተን ምን ያህል ጽሑፍ ልስጥ? በነፃ ማሠራት ደግሞ ደስ አይለኝም።

---

የቃል ባለሙያ ፦ አዲስ አበባ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ደስ የማይልሽ ትክክል ስለሆንሽ ነው። አንድ ገጽ ለሦስት ሰው ስጪና ለሦስቱም ክፈዪ። ቀላሉን አትምረጪ፤ ታሮፍ የበዛበትን አንቀጽ ምረጪ። ለማን እንደሚላክ፣ ገዢው አንብቦ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጊ በአምስት መስመር ጻፊላቸው። ከዚያ ከትርጉሙ በፊት የሚጠይቁሽን ጥያቄ አንብቢ። ፋርስኛ ባታነቢም ጥያቄውን ማንበብ ትችያለሽ።

---

የዴይራዋ ፦ ዱባይ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ጋሼ፣ እንደነገሩኝ አደረግሁ። የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

የመረጥነው የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ ነው። ሐጅ አቃ እዚያ ላይ "ቃዳሜታን ሩዬ ቼሽም" ብለዋል፤ እርምጃዎ በዓይናችን ላይ ይሁን እንደማለት ነው፣ እንግዳ ሲጋበዝ የሚባል።

የመጀመሪያው ተርጓሚ "እግርዎን ዓይናችን ላይ ያሳርፉ" ብሎ ላከ። ምንም አልጠየቀም። ሁለተኛው "ደንበኞቻችንን በአክብሮት እንቀበላለን" አለ። ስሕተት የለበትም፤ ግን ማንም የጻፈው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛዋ እንግሊዝ አገር ያደገች፣ እናትና አባቷ ከኾራሳኗ ከተማ ከማሽሃድ የሆኑ ሴት ናት። ከትርጉሙ በፊት ሰባት ጥያቄ ላከችልኝ። ሐዘን ያጥባል የሚለው ለእንግሊዝ ገበያ ከሆነ መውጣት አለበት አለች፤ ሰናይ፣ ያንተን ቃል በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ያየሁ መሰለኝ። ጎልራንግን ሳልነግራት አወቀችው። የመጨረሻዋ ጥያቄዋ ይህች ነበረች፦ "ገዢዎች በእርግጥ ወደ መደብሩ ይመጣሉ? ከመጡ ባለቤቱ ምን ያደርጉላቸዋል?"

እኔም ያለውን ጻፍኩላት። ማንም ሰው ሲገባ ሐጅ አቃ ከሚዛኑ ኋላ ይነሣሉ፣ ወንበር ይስባሉ፣ ከትንሿ ምድጃ ላይ ሻይ ይቀዳሉ፤ ስለ ዋጋ የሚወራው ብርጭቆው ከተጋመሰ በኋላ ነው።

በማግሥቱ "እርምጃዎ በዓይናችን ላይ" በሚለው ቦታ የመጣው እንግሊዝኛ በእኛ ቋንቋ ይህን ይመስላል፦ "ምንም ከመግዛትዎ በፊት መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጡ። ሻዩ ተፈልቷል።"

ዓይንም እግርም የለበትም። ለሐጅ አቃ በምችለው ፋርስኛ መልሼ ነገርኳቸው። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው የታጠፈውን የድሮውን ወረቀት አወጡና ለእኔ ሰጡኝ፤ ጣዪው ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ቅር እንዳላቸው ሰው ሆነው "ነባቱስ?" አሉ። ነባት በሳፍሮን ወርቃማ ሆኖ በእንጨት ላይ የረጋ ስኳር ነው፤ ሻይ ውስጥ የሚነከረው። እሱ ካልተጠቀሰ ግብዣው ጎደሎ ነው።

ለተርጓሚዋ ጻፍኩላት። ዛሬ ጠዋት አስተካክላ ልካለች፦ "ሻዩ ተፈልቷል፤ ነባቱም ብርጭቆው ውስጥ ነው።"

ስለ ምግብ የሚጽፍ እንግሊዛዊ አራሚ ከእሷ ጋር አጣምረናል፤ የተስማማነውም በጠቅላላ ዋጋ ነው። የዕቃ ዝርዝሩ ሰናይ እንዳለው አጭርና በቁጥር ሆኗል። ገጽ አቀናባሪ፣ ፎቶዎቹን በአዲሱ ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጥቼአቸዋለሁ፤ ማተሚያ ቤቱ ሐሙስ ስለሚቀበል ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብታይልኝ?

---

ገጽ አቀናባሪ ፦ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡15

ላኪልኝ፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። የነባቱ ፎቶ ካለሽ ጨምረሽ ላኪው፤ ከዚያች ዓረፍተ ነገር አጠገብ ቦታ አገኝለታለሁ።